ወንበር የተሰጠው ዱላ

አንድ ሰው ነበረ። የነበረው ግን ቤቱ ውስጥ ብቻ ነው።

አትሳቅ ወንድም ጋሼ፣ ገና አልጀመርኩም። ምሳ ላይ አባዬ «ነገ ቀበሌው ተወካይ ይመርጣል፣ ትሄዳለህ አይደል?» ሲልህ፣ አንተ «እኔ አንዱ ብቀር ምን ይጎድላል?» ብለህ ጠየቅክ። አባዬ ጉርሻውን ዋጠ። እማዬ ወጥ ጨመረችልህ። እኔ ዝም ማለት እንደማልችልበት ታውቃለህ። ስለዚህ መልሱን ከእኔ ስማ። መሃል ላይ ስልክህን ከነካህ ግን ከመጀመሪያው ነው የምጀምርልህ።

ሰውየው ሀብታም ነበር። ከብቱ ብዙ ነው፣ ወሬው ደግሞ ከከብቱ ይበዛል። ቤቱ ተቀምጦ አገር ያስተዳድራል። ዳኛ ይሽራል፣ ሹም ይሾማል፣ ግብር ይቀንሳል፣ መንገድ ያስጠርጋል። ሚስቱ ወጥ እያማሰለች «እሺ፣ እሺ» ትለዋለች። በመንደሩ «ይሄ ሰው አፍ አለው» ይባልለታል። አፍስ ነበረው። የሚጎድለው እግር ነው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እግሩ ይጠፋበታል።

መንደሩ ያለው ድንበር ላይ ነው። በመሃሉ ክረምት ክረምት ብቻ ውሃ የሚወርድበት ደረቅ ወንዝ ያልፋል። ከወንዙ በላይ ያሉት አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ ከወንዙ በታች ያሉት ሌላ። የላይ ሰፈር፣ የታች ሰፈር ይባባላሉ። መንደሩ የየትኛው ግዛት እንደሆነ በደንብ የሚያውቅ አልነበረም። ግብር ሲሰበሰብ ሁለቱም ግዛቶች «የእኛ ነው» ይላሉ። ድልድይ ይሠራ ሲባል ደግሞ ሁለቱም «የእነሱ ነው» ይላሉ።

ሰዎቹ አይዋደዱም። የላዮቹ የታቾቹን ሌቦች ይሏቸዋል፣ የታቾቹ የላዮቹን ጥጋበኞች ይሏቸዋል። ግን አንዱ ያለሌላው መኖር አይችልም። ለምን መሰለህ፣ የውሃው ጉድጓድ ያለው ታች ነው፣ ግጦሹ ያለው ላይ ነው። ጠዋት የላዮቹ ከብት ወርዶ ይጠጣል። ከሰዓት በኋላ የታቾቹ ከብት ወጥቶ ይግጣል። ከብቶቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ ይላላሳሉ። ባለቤቶቹ ሲገናኙ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ታዲያ ሁለቱንም የሚያስማማ አንድ ወግ ነበራቸው። ዱላ መላክ ይሉታል። መንደሩ ሲሰበሰብ ሰብሳቢው ሽማግሌ ነገሩን ያቀርባል፣ የተስማማ ሰው ዱላውን ያነሳል። የታመመ፣ ሐዘን የተቀመጠ፣ ወይ ላሙን ምጥ ይዟት የቀረ ሰው ካለ ዱላውን በልጁ ይልካል። የተላከው ዱላ አጥሩ ላይ ይደገፋል። ሽማግሌው «ዱላው እዚህ ነው፣ ባለቤቱም እዚህ ነው» ይላል። የማንም እጅ ያንሳው፣ የተነሳ ዱላ ባለቤቱ እንዳነሳው ይቆጠራል። (ሴቶች ዱላ ስላልነበራቸው አይቆጠሩም። ይሄን ለሌላ ቀን ያዝልኝ፣ እሱ ላይ የምለው ብዙ ነው።)

ወጉ ደግ ወግ ነበር። ለታመመ ሰው ታስቦ የወጣ። ሀብታሙ ሰውዬ ግን ጤነኛ ሆኖ መላክ ጀመረ።

አንዲት ልጅ አለችው። ቀልድ የምትወድ፣ የጎረቤት ዶሮ አንገት ላይ ቃጭል የምታስር ዓይነት። አላውቃትም ግን እወዳታለሁ። እሷ ናት ዱላውን የምታደርስለት።

«አባባ፣ ስብሰባ ነው እኮ።»

«ዱላዬን ውሰጂ።»

«አሞሃል እንዴ?»

«ከእነዚያ ጋር መቀመጥ ነው የሚያመኝ። በይ ሂጂ።»

ዱላው ደግሞ እንዲሁ ዱላ እንዳይመስልህ። የወይራ ነው፣ በቅቤ የታሸ፣ ጫፉ መዳብ የለበሰ። ከሩቅ ያየው ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲታይ ጎረቤቱ «ያን ሁሉ ከብት ያለው ሰው ካልመጣ፣ እኔ ባለፍየሉ ምን ልሠራ መጣሁ?» ብሎ በሚቀጥለው ጊዜ የራሱን ዱላ ላከ። የታቾቹ ይሄን አዩና «የላዮቹ ጥላ ሥር ተኝተው እኛ ብቻ ፀሐይ ይምታን?» ብለው እነሱም ላኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ አጥሩ በዱላ ተሞላ። ስብሰባው የማገዶ ገበያ መሰለ።

ሰብሳቢው ሽማግሌ አባቱ ከላይ ነው፣ እናቱ ከታች። ሁለቱንም ቋንቋ ይችላል። ወጉ ግድ ስለሚለው ብቻውን ቆሞ ለዱላዎቹ በሁለቱም ቋንቋ ይናገራል። ዱላዎቹ በሁለቱም አይመልሱም። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ ማንም እንዳያየው በጓሮ በኩል ወደ ቤቱ ይገባል። አስበው እስቲ፣ ያላጠፋው ሰውዬ ነው የሚያፍረው።

አንድ ቀን ከከተማ መልእክተኛ መጣ። በሞተር ነው ወይ ብለህ አትጨቅጭቀኝ፣ በበቅሎ ነው። እንዲህ አለ፦ «የሁለቱ ግዛቶች ድንበር ሊሰመር ነው። በመጪው ገበያ ቀን ከተማ ላይ ትልቅ ጉባኤ አለ። ድንበር ላይ ያለ መንደር ሁሉ አንድ ተወካይ ይልካል። የተናገረ ይሰማል፣ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል። ነገ ተሰብስባችሁ ሰው ምረጡ፣ ይዤው እሄዳለሁ።»

ያን ቀን ሀብታሙ ሰውዬ ቤቱ ውስጥ ያደረገውን ንግግር ብትሰማ!

«መስመሩ በወንዙ ላይ ከሄደ አለቀልን!» አለ፣ ጉልበቱን እየመታ። «ውሃው እነሱ ጋ፣ ሳሩ እኛ ጋ! የእኛ ከብት በጥም፣ የእነሱ ከብት በረሃብ! ይሄን የሚነግራቸው አንድ ሰው ይጥፋ?»

ሚስቱ ማማሰሉን አቆመች። «ታዲያ ሂድና ንገራቸዋ።»

«እኔ? ሰው ሞልቶ?»

«ማን ነው የሞላው?»

«ኧረ ተይኝ ሴትዮ። የታቾቹ ግልብጥ ብለው ነው የሚመጡት። ብሄድም ብቀርም የሚመርጡት የራሳቸውን ሰው ነው።»

በዚያው ሰዓት፣ ወንዙን ተሻግሮ ደግሞ አንድ የታች ሰው ለሚስቱ «የላዮቹ ግልብጥ ብለው ነው የሚመጡት» እያለ ነበር። በሌላ ቋንቋ፣ ያንኑ ቃል።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ የአባቷን ዱላ ይዛ ሄደች። ስትደርስ ሽማግሌው አለ፣ መልእክተኛው በቅሎውን ይዞ ቆሟል፣ የቀሩት ዱላ ያመጡ ልጆች ናቸው። የላይ ልጆች፣ የታች ልጆች። አንድ ትልቅ ሰው የለም።

ሽማግሌው ጠበቀ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። መልእክተኛው «አባቴ፣ መንገዴ ሩቅ ነው» አለ። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠርጎ እንደ ወጉ «ማንን እንላክ?» ብሎ አጥሩን ጠየቀው።

አጥሩ ዝም አለ።

ልጅቷ አላስቻላትም። እኔም ብሆን አያስችለኝም። የአባቷን ዱላ ወደ መሃል አመጣችና ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ነጠላዋን አውልቃ እንደ ጋቢ አለበሰችው። ከዚያ ድምጿን እንደ አባቷ አወፈረች፦

«እኔ እያለሁ ማን ሊላክ ነው? ከብት አለኝ! አፍ አለኝ! እኔ ልሂድላችሁ!»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። የታች ልጆች ቋንቋው ሳይገባቸው ሳቁ፣ ጋቢውን አይተው።

«የሚደግፍ ዱላ ያንሳ!» አለች ልጅቷ።

አንዱ ልጅ የአባቱን ዱላ አነሳ። ሌላው ተከተለ። አንዲት የታች ልጅ በሁለት እጇ ሁለት ዱላ ይዛ ዘለለች። አጥሩ ላይ የቀረውን ሁሉ እየነቀሉ አነሱት። የላይም የታችም ዱላ ሰማይ ላይ ሆነ። መንደሩ በአንድ ነገር እንዲህ ተስማምቶ አያውቅም።

ሽማግሌው ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዱላዎቹን አየ። አፉን መልሶ ዘጋ። ቀስ ብሎ ሄዶ ነጠላውን ለልጅቷ መለሰላትና ዱላውን አንስቶ ለመልእክተኛው ሰጠው።

«ተወካያችን ይኸው» አለ።

መልእክተኛው ፈገግ አለ። ሽማግሌው አልሳቀም።

«እየቀለዱብኝ ነው አባቴ?»

«ወጋችን ነው። የተነሳ ዱላ ባለቤቱ አንስቶታል። ሁሉም ተነስቷል። ውሰደው።»

ልጅቷ ክው አለች። «አባባ ሽማግሌ፣ ቀልዴን እኮ ነው!»

«አውቃለሁ ልጄ» አላት። «አንቺ ቀልደሽ ነው። እነሱ ግን ከልባቸው ነው የቀሩት።»

ከዚያ ልጆቹን ሁሉ ሰብስቦ እንዲህ አላቸው፦ «ለአባቶቻችሁ ንገሩ። ዱላ ልከናል በሉ። እምቢ የሚል ካለ በቅሎዋ ቀርፋፋ ናት፣ በእግሩም ይደርስባታል። ሰው ከሄደ ዱላው ይመለሳል።»

ልጅቷ እየሮጠች ቤቷ ገባች። ለአባቷ ሁሉንም ነገረችው፣ ነጠላውን ሳይቀር። ትገረፋለች ብላ ነበር። ሰውየው ግን እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ዱላዬን ተወካይ አደረጉት? ደግ! ከስንቱ ሰው ይሻላል! ዝም ማለት ያውቃል!»

«አባባ፣ በቅሎዋ ገና ሩቅ አልሄደችም። ሽማግሌው ሰው ከሄደ—»

«አይዞሽ፣ የታቾቹ ሰው ይልካሉ። ምን ቢያብዱ ዱላ ያስቀምጣሉ?»

ታች ሰፈርም «የዱላው ባለቤት አለ፣ እሱ ይሄዳል» ተባለ። በቅሎዋ ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ኮረብታውን ወጣች። ማንም አልተከተላትም።

የገበያው ቀን ደረሰ። ሀብታሙ ሰውዬ በሬ ሊሸጥ ከተማ ወርዶ ነበር። በሬውን እንደሸጠ «እስቲ ዱላዬ እንዴት እንደዋለ ልይ» አለና እየሳቀ ወደ ጉባኤው አዳራሽ ሄደ። ለሰው የሚያወራው ነገር ፍለጋ፣ በቃ። በሩ ላይ ዘበኛ ስላለ በመስኮት አንገቱን አስግጎ ተመለከተ።

የየመንደሩ ተወካዮች ወንበር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት የጉባኤው መሪ ትልቅ ካርታ ሰቅሏል። እነዚያ ሁሉ ሰዎች መሃል፣ አንድ ወንበር ላይ፣ ዱላው ተጋድሟል። መዳቡ ያብለጨልጫል።

ሰውየው አፉን በጋቢው ሸፍኖ ሳቀ።

ያኔ ተራው የአንድ ተብታባ ሰው ነበር፣ ከሌላ መንደር የመጣ። ሰውየው ተነስቶ «ወ… ወ… ወፍ…» አለ። ላቡ ወረደ። መሪው «አይዞዎት፣ እንጠብቅዎታለን» አለው። ጠበቁት። ብዙ ቆይቶ «ወፍጮአችን ከመስመሩ ማዶ ይቀርብናል» ለማለት ፈልጎ እንደሆነ ተረዱት። መሪው ካርታውን አየ፣ እርሳሱን አነሳ፣ መስመሩን ጠመም አደረገው። ወፍጮው ከመንደሩ ጋር ሆነ። ተብታባው ሰው ተቀመጠ።

በዚህ ጊዜ የሀብታሙ ሰውዬ ሳቅ ቆመ። ለምን እንደቆመ ገና አላወቀም።

«የሚቀጥለው» አለ መሪው፣ ወደ ዱላው ዞሮ። «ባለቤቱ ወጣ እንዴ?»

መልእክተኛው ተነሳ። «ባለቤት የለውም ጌታዬ። ተወካይ ብለው የላኩት እሱኑ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተነሳ። መሪው እጁን አንስቶ አስቆመው። አልሳቀም። ለዱላው እንደ ሰው ተናገረው፣ ሕጉ ስለሆነ።

«በእናንተ መንደር መስመሩ በደረቁ ወንዝ ላይ ይሂድ ተብሏል። ተቃውሞ አላችሁ?»

ሁሉም ዱላውን ያያል። መሪው በሩን አየ፣ ሰው ይመጣ ይሆናል ብሎ ይመስለኛል። እርሳሱን እንዳነሳ ቆየ።

እዚህ ጋ ስማኝ ወንድም ጋሼ። ሰውየው መስኮቱ ላይ ነው። ቃሉ አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ። «ውሃው እነሱ ጋ፣ ሳሩ እኛ ጋ»፣ በቃ ይቺው ናት። ቤቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ጉልበቱን እየመታ ብሏታል። ግን ምን አደረገ? ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ሌላ ሰው ይላታል ብሎ። ያኔም እንኳን!

እርሳሱ ካርታው ላይ ሄደ። ወንዙን ተከትሎ፣ ቀጥ ብሎ።

«ቆይ!» ብሎ ጮኸ ሰውየው። «ቆዩ! አይሆንም! ውሃው!»

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እርስዎ ማን ነዎት አባቴ?» አለ መሪው።

«እኔ… እኔ የዱላው ባለቤት ነኝ።»

«ተወካይ ነዎት?»

ሰውየው ምን ይበል? «አይ» አለ። «ዱላው ነው ተወካዩ።»

ሳቁ አሁን የሚቆም አልሆነም። ተብታባው ሰው ብቻ አልሳቀም፣ አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ነበር። መሪው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና በለሰለሰ ድምፅ እንዲህ አለው፦

«አባቴ፣ ሰው ላኩ አልን፣ ዱላ ላካችሁ። ወንበር ሰጠነው። በወጉ ጠየቅነው። ዝም አለ። እርስዎ ጤነኛ ሰው ነዎት፣ እግር አለዎት፣ እዚህ ድረስም መጥተዋል። ታዲያ ምነው ወንበሩ ላይ ሳይሆን መስኮቱ ላይ ሆኑ?»

ቢቆጣው ይሻለው ነበር። ቢሰድበው መልስ አያጣም፣ አፍ አለው። አሁን ግን ከመስኮቱ አንገቱን መለሰ።

ዞር ሲል አንድ ሰው ከጎኑ፣ ከግድግዳው ተጣብቆ ቆሟል። የታች ሰፈር ሰው ነው። ያ ለሚስቱ ያንኑ ቃል ያለው። እሱም ለካ ሊስቅ ነው የመጣው። ተያዩ።

«አንተ ትሄዳለህ ብዬ እኮ ነው» አለ የታቹ ሰው፣ በራሱ ቋንቋ።

ሀብታሙ ሰውዬ ያን ቋንቋ አልሰማም ይል ነበር። እያንዳንዷን ቃል ሰማት።

«እኔም አንተ ትሄዳለህ ብዬ» አለ።

ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ያን ጊዜ ዘበኛው በሩን ከፍቶ ወጣና ዱላውን በሁለት እጁ አቅርቦ «ተወካያችሁን ውሰዱ» አላቸው። አንዱ ሌላውን አየ። ሁለቱም እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ዘበኛው ዱላውን ግድግዳው ላይ ደገፈላቸውና ገባ።

በመጨረሻ ሰውየው ወሰደው፣ የራሱ ነዋ። ግን በጋቢው ውስጥ ደበቀው። ያን ዱላ፣ ከሩቅ ይታይልኝ ብሎ መዳብ ያስለበሰውን፣ እንደ ሌባ በብብቱ ሸጉጦ በገበያው መሃል አለፈ። የሳቀ ሰው ሁሉ በእሱ የሳቀ ይመስለዋል። መንገድ ላይ ልጆች ስለ ሌላ ነገር ሲስቁ እንኳን ፊቱን አዞረ።

ቤቱ ሲደርስ ልጅቷ እየሮጠች መጣች። «አባባ! ምን ተባለ?»

ሰውየው ዱላውን ከብብቱ አወጣና አነሳባት። «አንቺ ነሽ! በአንቺ ቀልድ ነው!»

ልጅቷ አልሸሸችም። ነጠላዋን ይዛ ቆመች።

«አባባ፣ እኔ ምን ሠራሁ?» አለች። «ያንተ ዱላ ነበር። አንተ ነህ የሰጠኸኝ።»

ዱላው እንደተነሳ ቆየ። ሚስቱ ከጓዳ ወጥታ ታያለች። ጎረቤት በአጥር ያያል። ከዚያ እጁ ቀስ እያለ ወረደ። ልጁን ማየት ስላልቻለ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ከዚያ በኋላማ መስመሩ መጣ። ሰዎች መጡ፣ ችካል ተከሉ፣ ጠባቂ ቆመ። ጠዋት ጠዋት የላዮቹ ከብት ወንዙ አፋፍ ድረስ ይወርዳል፣ ውሃው ይሸተዋል፣ ጠባቂው ይመልሰዋል። ከማዶ የታቾቹ ከብት ወደ ሳሩ ቀና ብሎ ይጮሃል። ለከብቶቹ ማን ያስረዳቸዋል? ሀብታሙ ሰውዬ ከብቱን ሩቅ ወንዝ ድረስ ይዞ መሄድ ግድ ሆነበት። ግማሹ ከብት መንገድ ላይ አለቀ። ሰዉ ግን በከብቱ አልነበረም የሚያዝንለት። ቤቱ ውስጥ ማውራት ማቆሙ ነበር የሚያሳዝነው። ሚስቱ ወጥ እያማሰለች ትጠብቃለች፣ እሺ የምትልበት ነገር የለም። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ፣ ልጁ እንዳለች ትዝ ሲለው ይዘጋዋል።

አለቀ።

ወንድም ጋሼ፣ «እኔ አንዱ ብቀር ምን ይጎድላል?» ነበር ያልከው። ያንን መንደር ያጠፋው ክፉ ሰው እንዳልነበረ አየህ? ጠላት አልመጣባቸውም። የጉባኤው መሪ እንኳን ደህና ሰው ነበር፣ ተብታባ ሰው የሚጠብቅ። እያንዳንዱ ሰው ቤቱ ሆኖ ያንተን ጥያቄ ጠየቀ፣ በቃ። አንድ አንድ እያለ የቀረው ሰው ሁሉም ሰው ሆነ።

እኛም ድንበር ላይ ነን። ከአስፋልቱ ወዲያ ያሉት የእኛን ቋንቋ አይናገሩም፣ እኛም ስማቸውን በክፉ ነው የምናነሳው። ጤና ጣቢያው ግን ያለው እነሱ ጋ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ያለው እኛ ጋ ነው። የነገው ተወካይ የሚሄደው ቀበሌው ወደየትኛው ወረዳ ይሁን ወደሚባልበት ስብሰባ ነው። አንተ ይሄንን ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። ትናንት እኮ ጓደኞችህን ሰብስበህ እዚሁ በረንዳ ላይ ስታስረዳቸው ሰምቻለሁ። ቆንጆ ነው የተናገርከው፣ እውነቴን ነው። ጉልበትህን እየመታህ።

ከምሳ በኋላ ደግሞ መታወቂያህን ሰጠኸኝ። «አንቺ ሂጂና ስሜን አስመዝግቢልኝ፣ የተባለውን እሺ በይልኝ» አልከኝ። እኔ እኮ ገና አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። ብናገር አይሰሙኝም፣ ብመርጥ አይቆጥሩኝም። እኔ መስኮት ላይ የምቆመው ወንበር ስላልተሰጠኝ ነው። አንተን ምን ይዞህ ነው?

አቀረቀርክ። ይኸው ምንጣፉን እያየህ ነው። እኔ ሳስቅህ ነው የምታውቀኝ፣ ዛሬ አሳፈርኩህ። ይቅርታ አልልህም። ነገ በሰው ፊት ከምታፍር ዛሬ በእህትህ ፊት እፈር፣ እኔ ለማንም አላወራም። እሺ፣ ለእማዬ ብቻ።

እንካ መታወቂያህን፣ ራስህ ይዘኸው ሂድ። እዚያ ስትደርስ ከአስፋልቱ ማዶ የመጣ ሰው ካየህ ጎኑ ተቀመጥና የጤና ጣቢያውን ነገር አንሳለት። ብትንተባተብም ይጠብቁሃል።